ጉሜ ታምፔሬ ከርሞ መጣ

ጉሜ ጉማሬ ነው። እናቴ በኪሮሽ የሠራችው፣ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ አመድማ ጉማሬ። ሆዱ የተሞላው በጥጥ ነው። ዓይኖቹ ከአሮጌ ሸሚዝ የተፈቱ ሁለት ጥቁር ቁልፎች ናቸው። በ2017 ኅዳር ወር ከባሕር ዳር ተነሥቶ ፊንላንድ ገባ። ታምፔሬ በምትባል ከተማ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ከሦስት ወር በላይ ተቀመጠ። ግንቦት ማለቂያ ላይ ቤቱ ተመለሰ።

አሁን የሚቀመጠው ሽምብጥ ሰፈር ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ ከማተሚያው አጠገብ ነው። የሱፍ ካልሲ ያጠለቀ ጉማሬ ያየ ደንበኛ ሳይጠይቅ አይሄድም። በተለይ ልጅ ያላቸው። "እንዴት ነው የሚላከው? ደግሞስ ይመለሳል? ያዋጣል?" ይሉኛል። ወረቀት እያባዛሁ ለሁሉም መመለስ ስላቃተኝ እዚህ በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሻንጉሊቶችን ከአገር አገር የሚያገናኝ ድረ ገጽ አለ። አሻንጉሊታችሁን ትመዘግባላችሁ። ፎቶውንና ታሪኩን ታስገባላችሁ። ቁጥር ይሰጠዋል። በሌላ በኩል ደግሞ እንግዳ መቀበል የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ። ትጻጻፋላችሁ፣ ትስማማላችሁ፣ አሻንጉሊቱ ይላካል። ተቀባዩ ይዞት ይዞራል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ውሎውን ይጽፋል። ከዚያ ወይ ወደ ሌላ ቤት ያሳልፈዋል፣ ወይ ይመልሰዋል። ምዝገባው በነጻ ነው። የምታወጡት የመላኪያውን ብቻ ነው።

ስለ ድረ ገጹ ብቻ ከጠየቃችሁኝ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ ኔትወርክ ሲደክም አንዷን ለመክፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ተቀባዮቹን አጣርቶ የሚያቀርብላችሁ የለም። እኛ መጀመሪያ የጻፍንለት ሰው ሌላ አገር ነበር። ደስ ብሎት "ላኩት" አለን። አድራሻ ስንጠይቀው ጠፋ። ሁለት ወር ጠበቅን። የአሥር ዓመት ልጄ በየማታው "መለሰ?" ትለኛለች። ምን ልበላት? አሻንጉሊቱን ቀድመን ብንልክ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ስለ ታምፔሬው ቤተሰብ ከጠየቃችሁኝ ግን አምስት ከአምስት። እናትና አባት፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ7 ዓመት ወንድ ልጅ። አያትየዋም በቅርብ ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ጉሜን የተቀበሉት እንደ ዕቃ አይደለም። እንደ እንግዳ ነው የተቀበሉት። ልዩነቱ የገባኝ ገና ሳይላክ በጻፉልን ደብዳቤ ነው። እናትየዋ "እንግዳችን የማይበላው ነገር አለ?" ብላ ጠየቀች።

ከጥጥ የተሠራ ጉማሬ ምን ይበላል? ልጄ ግን አልሳቀችም። ደብተር አወጣች። አራተኛ ክፍል ናት፤ ጽሕፈቷ ቆንጆ ነው። "ጉሜ የአሳማ ሥጋ አይበላም። ደም አይበላም። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። አሁን ደግሞ የነቢያት ጾም ሊገባ ስለሆነ እስከ ገና ሥጋና ወተት የለም። ሽሮ ይወዳል።" ብላ ጻፈች። እኔ በጉግል እየታገዝኩ ተረጎምኩት። በማግስቱ መልስ መጣ። "ገብቶናል። ወተቱን በአጃ ወተት እንተካለን" የሚል። እናቴ ሲነበብላት ዝም ብላ ቆየችና "እነዚህ ሰዎች አሳዳጊ አላቸው" አለች።

መላኩ በሰው እጅ ነበር። ለትምህርት ወደ ሄልሲንኪ የሚሄድ የጎረቤት ልጅ አገኘን። እዚያ ሲደርስ በአገር ውስጥ ፖስታ ወደ ታምፔሬ አሳለፈልን። ከጉሜ ጋር ግማሽ ኪሎ የተቆላ የዘጌ ቡና፣ ትንሽ ሚጥሚጣና ለጉሜ ብርድ ልብስ እንድትሆነው ከነጠላ ጥለት የተቆረጠች ቁራጭ ላክን። እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም።

የደረሰው በኅዳር ሦስተኛ ሳምንት ነው። መጀመሪያ የላኩልን ፎቶ ጨለማ ነበር። መስኮት ላይ ሁለት ሻማ በርቷል። በመሀል ጉሜ ተቀምጧል። ኅዳር 27፣ በእነሱ ታኅሣሥ 6፣ የነጻነት ቀናቸው ነው። ፊንላንድ ከሩሲያ ነጻነቷን ያወጀችው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ምሽት በየቤቱ መስኮት ሁለት ሁለት ሻማ ይበራል። ልጄ ፎቶውን አይታ የጠየቀችው "ለምን ሁለት?" ብላ ነው። ወዲያው ጻፍን። ታሪኩ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ በጨለማና በብርድ ለሚሄድ መንገደኛ "እዚህ ቤት ማረፊያ አለ" የሚል ምልክት ነበር ይላል ብለው መለሱ። በዚህ ቤተሰብ የወደድኩት አንዱ ይሄ ነው። ልጅ ከጠየቀች መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳል። አጭርም ቢሆን።

የጨለማውን ነገር ግን ቶሎ አልተረዳነውም። እኛ ዘንድ ታኅሣሥ በጋ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ማለዳው ብርድ፣ ቀኑ ፀሐይ። ልጄ "ክረምት" ስትባል ዝናብ ነው የሚታያት። "እዚያ ክረምት ነው" ስላት "ጃንጥላ ይዟል?" አለችኝ። አባትየው ይሄን ስንነግረው አንድ ነገር አደረገ። በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ቀን ጉሜን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ ከአንድ ቦታ ፎቶ አነሣው። ሰዓቱን ከሥር ጻፈበት። ልጄ ሁሉንም ወደ እኛ አቆጣጠር ለወጠችው። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጥቁር። ሦስት ሰዓት፣ ሰማያዊ። ፀሐይ የወጣችው ወደ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። የጠለቀችው ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ብርሃኑ ከአምስት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ታምፔሬ ያለችው በ61 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፣ ባሕር ዳር በ11። ፎቶዎቹን አትሜ ሰጠኋት። ትምህርት ቤት ወስዳ ግድግዳ ላይ ተለጠፈላት። የሳይንስ መምህሯ ስለ ምድር ዘንበል ማለት ያስተማሩት በጉሜ ነው።

ለገና ዋዜማቸው፣ ማለትም በታኅሣሥ 15፣ የሩዝ ገንፎ ይሠራሉ። በአጃ ወተት ሠሩት። ገንፎው ውስጥ አልሞንድ የምትባል አንዲት ለውዝ ትደበቃለች፤ ያገኛት ዕድለኛ ነው። ለውዟ የተገኘችው ጉሜ ሳህን ውስጥ ነው። ትንሹ ልጅ ማንም ሳያየው እንደጨመራት እናትየዋ በኋላ ጻፈችልን። ገበታው ላይ የአሳማ ጭን ጥብስ ነበር። የገና ዋና ምግባቸው ነው። ጉሜ ያን ጊዜ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ከድንቹና ከካሮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይታያል። ማን አስገደዳቸው?

ከዚያ ደግሞ የእኛ ገና መጣ። በታኅሣሥ 29 ማታ ያልጠበቅነው ፎቶ ደረሰን። መስኮቱ ላይ ከነጻነት ቀን የተረፉት ሁለት ሻማዎች በርተዋል። ጉሜ ከፊቱ ቁራሽ አይብ ቀርቦለታል። "ጾሙ ተፈታ" የሚል ጽሑፍ አለበት። እኛ ዶሮ ወጡን በልተን ጨርሰን ቡና ላይ ነበርን። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን ሳመችው።

እናቴ የተጣላችው ፎቶም ነበር። የጎረቤታቸው ሕፃን ነው። ደጅ በረንዳ ላይ፣ በዙሪያው በረዶ ተከምሮ፣ በጋሪው ውስጥ ተኝቷል። ጉሜ ከጋሪው እጀታ ተንጠልጥሏል። እናቴ "በስመ አብ! ልጁን ብርድ ሊመታው ነው!" ብላ ጮኸች። እኔም ደነገጥኩ። ጠየቅናቸው። እዚያ የተለመደ ነው፤ ሕፃናት በደንብ ተጠቅልለው ቀን ቀን ደጅ ይተኛሉ፣ ንጹሕ አየር ረጅም እንቅልፍ ይሰጣቸዋል ይባላል ብለው አስረዱን። እናቴ እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። ለኔ ግን ጥሩ የሆነው ፎቶውን አለመደበቃቸው ነው። ያማረውን ብቻ ቢያሳዩን የፖስት ካርድ ያህል ነበር የምናውቀው።

በረዶ ለእኛ አንድ ቃል ነው። ከሰማይ የሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም፣ ያው በረዶ። እነሱ ጋ ትልቅ ልዩነት አለው። ሴት ልጃቸው ሦስት ፎቶ ላከች። አንደኛው እንደ ባዘቶ የቀለለ፣ ስትነፋው የሚበን ነው። ብርዱ ሲጠና እንዲህ ይሆናል፤ በእጅ ብትጨብጠው አይያያዝም። ሁለተኛው እርጥብ ያለ፣ ለዜሮ ሲጠጋ የሚወርድ ነው። ኳስ የሚሠራው በዚህ ነው። ሦስተኛው ቀልጦ እንደገና የጠነከረ፣ የሚያንሸራትት። ያ ዓመት ለእነሱ ለብ ያለ ክረምት ነበርና ሦስተኛው በዛ አሉ። ከሁለተኛው ጉማሬ ሠርታለች። ጉሜ አጠገቡ ቆሟል። በረዶው ጉማሬ ከሱ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ሐይቁ። እኔ የጣና ልጅ ነኝ። ሐይቅ ስል የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚታየኝ። ታንኳ፣ ማዕበል፣ ይብራ፣ ዓሣ አጥማጅ። ናሲያርቪ ሐይቃቸው ላይ ግን ሰው በእግሩ ሲሄድ አየሁ። አባትየው ጉሜን በኮቱ ኪስ ይዞት ገባ። ከመግባቱ በፊት በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጅቶ የበረዶውን ውፍረት ለካ። ማስመሪያውን አጠገቡ አድርጎ ፎቶ አነሣልን። ጠንካራ በረዶ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሰው ይሸከማል። እነሱ የገቡት ከዚያ በብዙ በልጦ ነው። ከሐይቁ ዳርቻ እንደማይርቁም ጻፈ። ልጄ "እናንተ ስንት ሐይቅ አላችሁ?" አለቻቸው። ከ500 ካሬ ሜትር በላይ የሆነውን ሁሉ ከቆጠሩት ወደ 188,000 ነው። እነሱ ደግሞ "ጣና ይረጋል?" ብለው ጠየቁ። አይረጋም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ብርድም እንዲህ አያውቅም። ባለታንኳዎቹን በቪዲዮ ቀርጸን ላክንላቸው። ደንገሉ ሲታሰርና ውኃ ላይ ሲለቀቅ። ትንሹ ልጅ አሥራ አንድ ጊዜ አየው አሉ።

ጥር 11 ቀን የሆነውን ግን ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። እናትየዋ በክረምት የምትዋኝ ሴት ናት። ራውሃኒየሚ የሚባል የሕዝብ መዋኛና ሳውና አለ፣ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ ሐይቁ ዳር። በረዶው ተቆርጦ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይከፈታል። አቫንቶ ይሉታል። በመሰላል ይወርዱበታል። ሄዳ የዋኘችው በጥምቀት ቀን ነው። የእኛ ጥምቀት መሆኑን አላወቀችም። እሑድ ስለነበር ነው የሄደችው። ጉሜን ከጉድጓዱ ራቅ አድርጋ ፎጣ ላይ አስቀምጣ ፎቶ ላከች። እኛ ታቦት ሸኝተን፣ እግራችን አቧራ ለብሶ፣ ነጭ ለብሰን ገና መግባታችን ነበር። ልጄ ስልኩን ይዛ "እማዬ! ጉሜም ጥምቀተ ባሕር ወርዷል!" እያለች ግቢውን ዞረችው። ለሴትየዋ ስንነግራት በሚቀጥለው ዓመት አስባበት እወርዳለሁ አለች።

ባለቤቴ መጀመሪያ በዚህ ነገር ውስጥ አልነበረም። "አሻንጉሊት በአውሮፕላን?" ብሎ ነበር ያለፈው። እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ያስገባው አንድ ፎቶ ነው። ታምፔሬ በሁለት ሐይቆች መሀል ናት። ከላይኛው ወደ ታችኛው ታመርኮስኪ የሚባል ወንዝ 18 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ውኃ ኃይል ነው ከተማዋ የጨርቅ ከተማ የሆነችው። ፊንላይሰን የሚባለው ፋብሪካ የተቋቋመው በ1820 እ.ኤ.አ. ነው። በ1882 ደግሞ የሽመና አዳራሹ ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት በርቷል። በኖርዲክ አገሮች የመጀመሪያው ነው ይባላል። ጉሜ ከቀይ ጡቡ ግድግዳ ሥር ቆሟል። ባለቤቴ ፎቶውን አጉልቶ፣ አሳንሶ፣ እንደገና አጉልቶ አየው። ሐይቅ፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ፣ የወንዙ መብራት፣ የመብራቱ ፋብሪካ። "የኛው ከተማ ናት'ኮ!" አለ። አሁን ማሽኖቹ የሉም፤ ሕንፃው ምግብ ቤትና ሙዚየም ሆኗል ስንለው ግን ከፋው። ከዚያ በኋላ ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጉሜ ምን አለ?" ነው።

ጉሜ ጠፍቶም ነበር። ይሄንን በግልጽ ልንገራችሁ፤ ልጅ ያለው ሰው ማወቅ አለበት። በጥር መጨረሻ ልጆቹ ቁልቁለት ላይ በበረዶ ሲንሸራተቱ ከተጎተተው ጋሪ ላይ ወደቀ። ያወቁት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። መሽቷል። ብርዱ ከዜሮ በታች ስምንት ነው። አባትና ልጅ ባትሪ ይዘው ተመልሰው ወጡ። እዚያ አገር በጨለማው ወራት ትልቅም ትንሽም ኮቱ ላይ አንጸባራቂ ያንጠለጥላል። የመኪና መብራት ሲያርፍበት ያበራል። ለጉሜም ገና በመጣ በሳምንቱ በአንገቱ አስረውለት ነበር፣ ኮከብ ቅርጽ ያላት። ያገኙት በሷ ነው። ከጥድ ሥር ብልጭ አለች። በአፍጢሙ በረዶ ውስጥ ተሰክቶ ነበር አሉ።

በዚያው ምሽት ጻፉልን። ፎቶውን ከመለጠፋቸው በፊት፣ እኛ ሳናውቅ። "ይቅርታ፣ ለአንድ ሰዓት ጠፍቶብን ነበር። አንዱ ጆሮው ተተርትሯል።" ልጄ አለቀሰች። እኔ ግን በዚያ ቀን ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው። ተገኝቷልና ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ያደረቁትም ሳውናው ከጠፋ በኋላ በቀረው ለብታ ነው። ጓንትና ካልሲ የሚያደርቁት እንደዚያ ነው። ሳውናው ሲጋይ አላስገቡትም፤ ወደ ሰማንያ ዲግሪ ይደርሳል፤ ክሩ አይችለውም ብለው። ለ5.6 ሚሊዮን ሕዝብ ወደ 3 ሚሊዮን ሳውና አለ። እናቴ ድንጋይ ላይ ውኃ ሲፈስና ሲጨስ በቪዲዮ አይታ "ወይባ'ኮ ነው" አለች። የሙሽራና የአራስ አይደለም፣ የሁሉም ነው ስላት "ጥሩ ነዋ" አለች።

ጆሮውን የጠገኑት አያትየዋ ናቸው። ፊንላንድ ውስጥ የአያት ካልሲ የታወቀ ነው። ጉሜ አራት እግር ስላለው አራት ሠሩለት። ቀይ፣ ነጭ መስመር ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው አውራ ጣት የሚያህሉ። እናቴ ሲደርሷት ገለበጠቻቸው፣ ስፌት ፈለገች፣ የለም። "ይሄ በሁለት መርፌ አይደለም የተሠራው" አለች። ጠየቅን። በአምስት መርፌ ነው፤ አራቱ ላይ ክሩ ተቀምጦ በአምስተኛው እየዞሩ ይሠራል። አያትየዋ በበኩላቸው የጉሜ ሆድ የተሠራበትን የኪሮሽ ዓይን ከፎቶ መከተል አቅቷቸው ነበር። ልጄ የእናቴን እጅ በቪዲዮ ቀርጻ ላከችላቸው። ሁለቱ አሮጊቶች እስካሁን ይላላካሉ። ቋንቋ የለም። እጅ ብቻ ነው የሚታየው።

ስለ ቡናው ብትጠይቁኝ፣ ፊንላንዶች ከዓለም ብዙ ቡና ከሚጠጡት ናቸው። ግን ቀለል አድርገው ነው የሚቆሉት። የዘጌው መጀመሪያ ጠቆረባቸው። ወንዱ አያት መፍትሔ አገኙ። ሐይቅ ዳር ባለችው የእንጨት ጎጇቸው እሳት ላይ፣ ቡናውን በማንቆርቆሪያ ከውኃው ጋር አፍልተው፣ አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቀው ቀዱ። ፓኑካህቪ ይሉታል። እኛ ጀበና የምንለው ነው። አብሮት ሄል ያለበት ጣፋጭ ዳቦ ይቀርባል። ጉሜ ከእሳቱ ራቅ ብሎ፣ የነጠላ ጥለቱን ለብሶ ተቀምጧል። ሚጥሚጣውን ማን እንደቀመሰው አልተነገረንም።

ሌላም አለ፣ ሁሉን አልጨርሰውም። ገበያ ወስደውት ሙስታማካራ የሚባለውን የከተማውን ስም ያወጣ ጥቁር ቋሊማ ሁሉ ሲበላ እሱ የቀዩን ፍሬ ማርማላታ ብቻ ይዞ ቆሟል፤ ቋሊማው ደም አለበትና። ሙሚን የሚባሉት የልጆች መጽሐፍ ክብ ነጫጭ ፍጡሮች ሙዚየም ታምፔሬ ነው ያለው። መልካቸው ጉማሬ ነው የሚመስለው። አንዲት ሕፃን ጉሜን አይታ "ግራጫ ሙሚን!" አለች። ትንሹ ልጅ ተቆጥቶ "ጉማሬ ነው። ከጣና ነው የመጣው" ብሎ መለሰ። ስትጽፍልን እናትየዋ "ከጣና" የሚለውን ከሥሩ አስምራበት ነበር።

የመጨረሻው ትልቅ ቀን የካቲት 23 ነበር። እኛ ዓድዋን እያከበርን ነው። እነሱ ላስኪያይነን የሚሉት በዓል ላይ ናቸው። ከጾማቸው በፊት የሚውል፣ እንደ እኛ ቅበላ ማለት ነው። ያን ዓመት ከእኛ ቅበላ በሳምንት ዘገየ። ልጆች ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታሉ፣ የአተር ሾርባ ይበላል፣ ክሬም የተሞላ ዳቦ ይከተላል። ልጄ ቀድማ ጽፋ ነበር፤ "ጉሜ ዐቢይ ጾም ገብቷል።" ሾርባውን ያለ ሥጋ ሠሩት። ከክሬሙ ዳቦ ደግሞ ለሱ በማርማላታ ብቻ የተሞላ አንድ ለዩለት። አተሩን ስታይ እናቴ "ክክ ወጥ አግኝቷል፣ ምን ጎደለው" አለች።

የመልሱ ጉዞ ነው ያስቸገረን። የተላከው በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንት ነው። የደረሰው በግንቦት ማለቂያ። በመሀል የት እንደነበረ የነገረን የለም። የመከታተያ ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። ለድረ ገጹ ብንጽፍ የተመለሰልን ራሱን በራሱ የሚልክ መልእክት ብቻ ነው። ከአምስት ሦስት ያልኩት በዚህም ምክንያት ነው። ልጅ ሁለት ወር ተኩል ስትጠብቅ ማየት ከባድ ነው። ቤተሰቡ ግን በየሳምንቱ ከእኛ ጋር ይጠይቁ ነበር። የላኩበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥተው ሰጡን። ያ ባይኖር ምንም መያዣ አልነበረንም።

ስለዚህ ልትልኩ ያሰባችሁ፣ ከቻላችሁ መሄጃውንም መመለሻውንም በሰው እጅ አድርጉት። ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። በፖስታ ከሆነ ጥቅሉ ላይ "በእጅ የተሠራ፣ ያገለገለ የልጅ አሻንጉሊት" ብለው እንዲጽፉ ንገሯቸው። የፖስታ ሳጥን ከሌላችሁ የወዳጅ ተዋሱ፤ እኛ እንደዚያ ነው ያደረግነው። ስምና ስልክ በጨርቅ ላይ ጽፋችሁ ከሆዱ ሥር ስፉበት። ዓይኑ ጠንክሮ የተሰፋ ይሁን። ልጁ ያለሱ የማይተኛውን አሻንጉሊት ግን አትላኩ። ለጉዞ ተብሎ የተሠራ ሌላ ይሂድ። ከሁሉም በፊት ከተቀባዩ ጋር ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ተጻጻፉ። ስለ አሻንጉሊቱ አንድም ነገር የማይጠይቃችሁ ሰው ቤት አትላኩት።

ጉሜ ሲመለስ ሆዱ ላይ የማርማላታ ነጠብጣብ አለበት። ጆሮው የተጠገነበት ክር ትንሽ ጠቆር ይላል። እናቴ ልትፈታው ስትል ልጄ ከለከለቻት። የጉዞ ደብተሩ ሞልቷል፤ የትንሹ ልጅ ሥዕል፣ የአያትየዋ የክር ናሙና፣ የደረቀ የበርች ዛፍ ቅጠል። ኮከቧ አንጸባራቂ አሁን የባለቤቴ ብስክሌት ላይ ናት፣ ከኋላ። የማታ ፈረቃ ሲወጣ መንገዱ ጨለማ ነው። ባጃጆቹ ከሩቅ ያዩታል።

በሚመጣው ጥቅምት ደግሞ እኛ ተቀባይ ነን። ትንሹ ልጅ ከሱፍ የተሠራ ድቡን ሊልክ ነው። ልጄ ማንም ሳይነግራት ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ "እንግዳችን የማይበላው ነገር አለ?" መልሱ ትናንት መጣ። ሁሉን ይበላል። ፀሐይ ላይ ብዙ መቀመጥ አይወድም። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ እውነተኛ ጉማሬ ማየት፣ ከሩቅ ሆኖ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ማለዳ ይታያሉ። ልጄ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጀልባ ተራ ሄዳ ዋጋ ጠይቃ መጣች።